በገዳሪፍና በጠረፉ ሜዳ ላይ ለሚበሩ ትናንሽ አይሮፕላኖች ስለሚያስፈልገው ጥንቃቄ

በገዳሪፍና ከኢትዮጵያ ጋር በሚዋሰነው በምሥራቅ ሱዳን ጠረፍ የሚኖር ገበሬ የትንሽ አይሮፕላን ድምፅ በሰማ ጊዜ የመጣበትን ምክንያት ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ወይ የአንበጣ መንጋ ታይቷል፤ ወይም ግሪሳ የተባለው ወፍ እሸት በያዘው ማሽላ አጠገብ ሰፍሯል። ገበሬው ከጥንት ጀምሮ ሰብሉን በወንጭፍና በጩኸት ሲጠብቅ ኖሯል፤ ዛሬም ይጠብቃል። ነገር ግን ጠላቱ በሚሊዮን በሚቆጠርበት ጊዜ ወንጭፍ ስለማይበቃ፥ መድኃኒት የሚረጭ አይሮፕላን ይጠራል።

የጠላቱን ብዛት ለመረዳት አንድ ምሳሌ ይበቃል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እንደሚገልጸው፥ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ቦታ የሸፈነ የበረሃ አንበጣ መንጋ እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊኖርበት ይችላል፤ በአንድ ቀንም የ35000 ሰው ምግብ ያህል ይበላል። አንበጣ የአገር ድንበር ስለማያግደው፥ የምሥራቅ አፍሪቃ መንግሥታት በ1954 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 1962) የምሥራቅ አፍሪቃ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅትን በማኅበር አቋቋሙ። ኢትዮጵያና ሱዳን ሁለቱም በዚህ ድርጅት አባልነት ተመዝግበዋል። ድርጅቱም ሆነ የየአገሩ የእርሻ መሥሪያ ቤት ለዚህ ሥራ የሚያሰማራው አንድ ሞተር ያላቸውን ትናንሽ አይሮፕላኖች ነው።

እንግዲህ ሰብልን ሊያድን የሚመጣው አይሮፕላን ራሱ ጥበቃ የሚያስፈልገው ነው። በትልቅ ከተማ አጠገብ የሚበር ሰው ጥቂት ቢሳሳት ሜዳው፥ ራዲዮውና ሐኪሙ ቅርብ ናቸው። ሰው በራቀበት አገር ግን ትንሹ ስሕተት ብዙ ቀን የሚያስከፍል ይሆናል። ስለ ዚህም ጉዳይ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ዋና ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም የአይሮፕላኑ ደኅንነት የሚወሰነው በሰማይ ላይ በሚታየው ጀግንነት ሳይሆን፥ ከመነሣቱ በፊት በምድር ላይ በተደረገው ዝግጅት መሆኑ ነው። ይህም ዝግጅት የነጂው ብቻ አይደለም፤ የባለሥልጣኑም የገበሬውም ድርሻ አለበት።

የአገሩ ጠባይ

የገዳሪፍ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 600 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው አገር ላይ ትገኛለች። ዙሪያዋ ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ የተዘረጋ ጥቁር የዋልካ መሬት ነው። በዚህ መሬት ላይ በትራክተር የማረስ ሥራ የተጀመረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፥ በ1937 ዓ.ም. ገደማ፥ ለሠራዊት ቀለብ የሚሆን ማሽላ ለማምረት ነበር። ከዚያ ወዲህ እርሻው እየሰፋ ሄዶ ገዳሪፍ ከሱዳን የማሽላና የሰሊጥ አገሮች ዋነኛዋ ሆናለች። በመከር ጊዜ ከጠረፉ ወዲህም ወዲያም ያለ የቀን ሠራተኛ ወደ ሰሊጥ እርሻ ይጎርፋል።

ይህን ዝርግ ሜዳ ከላይ የተመለከተ ሰው የትም ቢሆን ማረፍ የሚቻል ይመስለዋል። ነገር ግን ዋልካ አታላይ ነው። ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ሲዘንብ መሬቱ ውሃ ጠጥቶ ይላቁጣል፤ መንኰራኵር ይውጣል፤ የወረደ አይሮፕላን በአፍንጫው ተተክሎ ሊገለበጥ ይችላል። በጋ ሲሆን ደግሞ መሬቱ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ትንሽ መንኰራኵር ለመያዝ የሚበቃ ስፋትና ጥልቀት ያገኛል። ከላይ ሲታይ ግን ሜዳው ሁልጊዜ ለስላሳ ይመስላል።

ሁለተኛው ችግር ምልክት ማጣት ነው። አንዱ የማሽላ እርሻ ከሌላው ስለማይለይ መንገዱን የሳተ ነጂ የት እንዳለ የሚነግረው ነገር ያጣል። ስለዚህ አገሩን የሚያውቁ ሰዎች የማይንቀሳቀሱትን ምልክቶች ይዘው ይበራሉ። እነዚህም ከከሰላ በገዳሪፍ በኩል ወደ ሴናር የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ፥ ከገዳሪፍ ወደ ገላባትና መተማ የሚወስደው መንገድ፥ የአትባራና የሰቲት ወንዞች፥ እንዲሁም በሁለቱ ወንዞች ላይ ተሠርቶ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ ያቈረው ሐይቅ ናቸው። ሰቲት የሚባለው ኢትዮጵያውያን ተከዜ የሚሉት ወንዝ ነው።

ሦስተኛው አየሩ ነው። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይበልጣል። የዝናቡ ወራት ሲቃረብ ሱዳኖች ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ይነሣል። ይህ ከነጐድጓድ ደመና በታች የሚወርደው ብርድ ነፋስ አፈሩን ጠርጎ እንደ ግድግዳ ሲያቆመው የሚታይ ነው፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቀኑን ያጨልማል። ወደ ምሥራቅ የሄደ እንደ ሆነ ደግሞ ሜዳው ያልቅና የኢትዮጵያ ደጋ ይነሣል። መተማ 700 ሜትር በማይሞላ ከፍታ ላይ ስትሆን፥ የጎንደር አይሮፕላን ማረፊያ ግን ወደ 2000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ አለው። በሜዳ መብረር የለመደ ነጂ ይህን ልዩነት መርሳት አይገባውም።

ሳይነሡ በፊት

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፥ ከተነሡ በኋላ የሚታሰብ ጥንቃቄ ጥቅሙ ጥቂት ነው። ከመነሣት በፊት የሚመረመሩት አምስት ነገሮች ናቸው፤ እነሱም ጭነት፥ ቤንዚን፥ ውሃ፥ የጉዞ ማስታወቂያና ፈቃድ ናቸው።

ስለ ጭነት። አየር በሞቀ ጊዜ ይሳሳል። የሳሳ አየር ክንፍን እንደሚገባ አይሸከምም፤ የሞተሩንም ኀይል ይቀንሳል። ይህ በቃል ብቻ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ በቁጥር ሲታይ ግን ያስደነግጣል። በገዳሪፍ 600 ሜትር ከፍታ ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲደርስ፥ አየሩ በመደበኛው ስሌት ከ1600 ሜትር በላይ እንደሚገኘው አየር የሳሳ ይሆናል። እንግዲህ ነጂው መንኰራኵሩ በቈላ ሜዳ ላይ ቆሞ ሳለ፥ አይሮፕላኑ ግን በደጋ ላይ እንዳለ ሆኖ ይሠራል ማለት ነው። ጧት በብርዱ ጊዜ በቀላሉ የተነሣው አይሮፕላን ያንኑ ጭነት ይዞ በቀትር ለመነሣት ቢሞክር፥ የሜዳው ርዝመት ሊያልቅበትና በሜዳው ጫፍ ያሉትን ግራሮች ማለፍ ሊያቅተው ይችላል። መፍትሔው የታወቀ ነው። የሚቻለውን ሥራ ሁሉ በማለዳ መፈጸም፤ በሙቀት ጊዜ መነሣት ግድ ከሆነም ሙሉውን መድኃኒት በአንድ ጊዜ ከመጫን ከፍሎ በሁለት ጉዞ ማድረስ ነው። የሚጠፋው አንድ ሰዓት ነው፤ የሚተርፈው ግን የሰው ሕይወት ነው።

ስለ ቤንዚን። በጠረፍ አገር ቤንዚን የሚቀዳው ከማጠራቀሚያ ጣቢያ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ከበርሜል ነው። በርሜል በሌሊት ሲቀዘቅዝ በቀን ሲሞቅ እርጥበት ይስባል፤ ውሃም ከቤንዚን ስለሚከብድ ከታች ይረጋል። ስለዚህ በርሜሉ ከመከፈቱ በፊት ሳይነቃነቅ ጥቂት ጊዜ መቆም፥ ሲቀዳም በማጥሪያ ማለፍና ከሥር ያለው ዝቃጭ መቅረት አለበት። ከተቀዳም በኋላ ከአይሮፕላኑ ታንክ ሥር ጥቂት በጠርሙስ ቀድቶ ወደ ብርሃን አቅንቶ ማየት ያስፈልጋል። ውሃ ካለበት ከጠርሙሱ ሥር ተለይቶ ይታያል።

ከዚህም የከፋ ስሕተት አለ፤ ይኸውም ነዳጅ ማሳሳት ነው። በፒስቶን ሞተር የሚሠራ አይሮፕላን የሚጠቀምበት የተለመደው ቤንዚን ሰማያዊ ቀለም የተቀላቀለበት ነው። ለጄትና ለተርባይን ሞተር የሚሆነው ነዳጅ ግን ቀለም የለውም፤ ወይም እንደ ገለባ ነጣ ያለ ቢጫ ነው። ይህ ሁለተኛው በፒስቶን ሞተር ታንክ ውስጥ ከገባ ሞተሩ መጀመሪያ ቧንቧ ውስጥ በቀረው ቤንዚን ይነሣና፥ አይሮፕላኑ ከመሬት ከተለየ በኋላ ይበላሻል። ስለዚህ በርሜሉ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ብቻ አይበቃም፤ ቀለሙንና ሽታውን መመርመር ይገባል። መጠኑንም በሚመለከት ለመሄጃና ለመመለሻ ከሚበቃው ሌላ፥ ቢያንስ የአንድ ሰዓት ትርፍ ቤንዚን መያዝ በበረሃ የሚበር ሰው ልማድ ሊሆን ይገባል።

ስለ ውሃ። በዚህ ሙቀት በጥላ ሥር ሳይሠራ የተቀመጠ ሰው እንኳ በቀን 5 ሊትር ያህል ውሃ ያስፈልገዋል። ፍለጋ ሦስት ቀን ሊወስድ ይችላል ተብሎ ቢታሰብ ለአንድ ሰው 15 ሊትር፥ ማለት 15 ኪሎ ይሆናል። ጭነት የበዛበት ነጂ መጀመሪያ የሚቀንሰው ውሃውን ነው፤ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ከመድኃኒቱ 15 ኪሎ መቀነስ ለእርሻው የሚያደርሰው ጉዳት የማይታወቅ ያህል ነው፤ ከውሃው 15 ኪሎ መቀነስ ግን የሚያስከትለው ነገር ይታወቃል። ከውሃው ጋር ለጥላ የሚሆን ሸራ፥ ክብሪት፥ የፀሐይ ብርሃን የሚያንጸባርቅ መስተዋት፥ የባትሪ መብራትና የቍስል ማሰሪያ አብረው ይያዛሉ።

ስለ ጉዞ ማስታወቂያ። ከመነሣቱ በፊት በወረቀት ተጽፎ በምድር ለሚቀር ሰው የሚሰጥ ማስታወቂያ ያስፈልጋል። በዚህም ላይ የአይሮፕላኑ ቁጥርና ቀለም፥ የሰዎቹ ቍጥር፥ የሚሄዱበት መንገድ፥ የሚነሡበትና የሚመለሱበት ሰዓት፥ የያዙት ቤንዚን የሚበቃበት ጊዜ ይጻፋል። ወረቀቱን የተቀበለው ሰው ሰዓቱ ሲያልፍ ማንን እንደሚጠራ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። በዓለም አቀፍ የሲቪል አቪዬሽን ደንብ መሠረት ከአይሮፕላን የሚጠበቅ ድምፅ በ30 ደቂቃ ውስጥ ሳይሰማ ከቀረ የሚያሳስብ ጉዳይ ሆኖ ጥያቄ ይጀመራል። ማስታወቂያ ሳይተው ለሄደ አይሮፕላን ግን 30 ደቂቃው ከየት ተነሥቶ ይቈጠራል?

ስለ ፈቃድ። በገዳሪፍና በመተማ መካከል ያለው ወሰን ከሰማይ ሲታይ ምንም ምልክት የለውም፤ ሕጉ ግን በሰማይም ላይ ይሠራል። ያለ ፈቃድ ወሰን ያለፈ አይሮፕላን እንደ ጠላት ሊቈጠር ይችላል። በአልፋሽቃ የእርሻ መሬት ላይ የተነሣው የሁለቱ አገሮች ክርክር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ይህን ስጋት አብዝቶታል። በሱዳንም ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነት በተነሣ ጊዜ የአገሪቱ ሰማይ ለሲቪል በረራ ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ ነጂው ለአንበጣ ሥራ የተሰጠው ፈቃድ የትኛውን ቦታና የትኛውን ሰዓት እንደሚጨምር በጽሑፍ መያዝ፥ በሚነሣበትም ቀን ለነጂዎች የወጣውን ማስታወቂያ ማንበብ ይገባዋል። ትናንት የተፈቀደ ዛሬ ተከልክሎ ሊገኝ ይችላል።

በአየር ላይ

የመርጨት ሥራ ከመሬት ጥቂት ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ የሚሠራ ስለ ሆነ፥ የነጂው ትልቁ ጠላት የማይታየው ሽቦ ነው። የኤሌክትሪክና የስልክ ሽቦ ከምድሩ ቀለም ጋር ስለሚመሳሰል ከአይሮፕላን ላይ ሆኖ ማየት ያስቸግራል። ልምድ ያላቸው ነጂዎች የሚፈልጉት ሽቦውን ሳይሆን ምሰሶውን ነው፤ ሲያልፉም በምሰሶው አናት ላይ ያልፋሉ፤ ከዚያ በላይ ሽቦ እንደማይኖር ያውቃሉና። ወደ እርሻው ከመውረዳቸውም በፊት ከፍ ብለው ዙሪያውን ዞረው መመልከትን አይተዉም።

ይህ ከንቱ ፍርሃት አለመሆኑን በዚሁ አገር የደረሰ አደጋ ያስረዳል። ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. የገዳሪፍን ገዥና የእርሻ ሹማቸውን ጨምሮ ባለሥልጣኖችን የጫነ ሄሊኮፕተር በገላባት አካባቢ ለማረፍ ሲሞክር ከመገናኛ ማማ ጋር ተጋጭቶ ወደቀ። ገዥውና አብረዋቸው ከነበሩት ብዙዎቹ ሞቱ። በአንድ ቀን ክፍለ ሀገሩ ገዥውንም፥ ስለ እርሻው የሚያስበውንም ሹም አጣ። ሄሊኮፕተር በጠባብ ቦታ ማረፍ የሚችል መሣሪያ ሲሆን እንዲህ ካጋጠመው፥ ክንፍ ላለው ትንሽ አይሮፕላን ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ መገመት አያዳግትም። የስልክ ማማ በየጊዜው ስለሚተከል የዓምናው ካርታ ለዘንድሮ አይበቃም።

የግሪሳ ሥራ ሌላ አደጋ አለበት። ግሪሳ ቀን በየእርሻው ተበትኖ ይውልና ማታ በግራር ዛፍ ወይም በሸምበቆ መካከል ባለው ማደሪያው ይሰበሰባል። ስለዚህ መድኃኒቱ የሚረጨው ፀሐይ በምትጠልቅበት ሰዓት ነው። በዚህ አገር ደግሞ ማታ ቶሎ ይጨልማል፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሚቀረው ብርሃን ከ20 ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ነጂው ሥራው ባያልቅም እንኳ የሚመለስበትን ሰዓት አስቀድሞ መቁረጥ አለበት። «አንድ ዙር ብቻ ቀረኝ» የሚለው ሐሳብ ብዙ ሰው ያታለለ ሐሳብ ነው። ወፉ ነገም ወደዚያው ማደሪያ ይመለሳል።

የአንበጣው መንጋ ራሱም አደጋ ነው። ታኅሣሥ 30 ቀን 2012 ዓ.ም. ከጅቡቲ ወደ ድሬ ዳዋ የሚሄድ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አይሮፕላን በአንበጣ መንጋ ተመትቶ የፊት መስተዋቱ በመሸፈኑ፥ ድሬ ዳዋ ማረፍ ሳይችል ቀርቶ አዲስ አበባ በደኅና አረፈ። ሁለት ሞተር ያለው ትልቅ አይሮፕላን እንደዚህ ከሆነ፥ አንድ ሞተር ያለው ትንሽ አይሮፕላን መንጋው መካከል መግባት የለበትም። አንበጣው የሞተሩን የአየር መግቢያ ይደፍናል፤ መስተዋቱንም በቅባት ይሸፍነዋል። መርጨት ያለበት ከዳር ሆኖ፥ ነፋሱን አይቶ፥ ወይም መንጋው ጧት ሳይነሣ ከመሬት ላይ ሳለ ነው።

ሀቡብ ከሩቅ ከታየ ምክሩ አጭር ነው፤ ዞሮ መመለስ። በላዩ አልፋለሁ ወይም በሥሩ እሾልካለሁ ማለት አይገባም። ከማረፊያው ቅርብ የሆነ ሰው ወዲያው አርፎ አይሮፕላኑን አፍንጫው ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ እንዲሆን አቁሞ በጠንካራ ገመድ ማሰር አለበት። ወደ ደጋው የሚሄድ ሰው ደግሞ ከፍታውን ገና በሜዳው ላይ ሳለ መጨረስ ይገባዋል። በሸለቆ ውስጥ እየወጡ ከፍታ መፈለግ፥ መሬቱ ከአይሮፕላኑ ፈጥኖ በሚነሣበት ቦታ መዞሪያ ያሳጣል። በሸለቆም ማለፍ ግድ ቢሆን በመካከሉ ሳይሆን በአንዱ ዳር ተጠግቶ መብረር ለመዞር የሚበቃ ስፍራ ያስቀራል።

በግድ ማረፍ ቢመጣ

ሞተር የጠፋበት ነጂ የመጀመሪያ ሐሳቡ አይሮፕላኑን ማዳን ሳይሆን ሰዎቹን ማዳን መሆን አለበት። የሚቻል ከሆነ መንገድ አጠገብ፥ ካልሆነም በእርሻ ላይ ከትልሙ ጋር ተስተካክሎ እንጂ ትልሙን አቋርጦ ማረፍ አይገባም። ረጅም ማሽላ በቆመበት እርሻ ላይ የሚያርፍ ሰው የማሽላውን ራስ እንደ መሬት ቈጥሮ ፍጥነቱን በዚያ ከፍታ ላይ መጨረስ አለበት። ከመንካቱ በፊት የቤንዚኑን መስመርና ኤሌክትሪኩን ይዘጋል፤ በሩም ተጣሞ እንዳይቆለፍ አስቀድሞ ይከፍተዋል።

ከወረደ በኋላ ያለው ትልቁ ደንብ ከአይሮፕላኑ አለመራቅ ነው። በሰፊ ሜዳ ላይ የሚሄድ አንድ ሰው ከአየር ላይ አይታይም፤ አይሮፕላን ግን ክንፉ ያብለጨልጫልና ይታያል። በጠረፉም አቅራቢያ ያለፈው ጦርነት የተወው ፈንጂ ሊኖር ስለሚችል በማያውቁት መንገድ መሄድ ሌላ አደጋ ነው። በቀን በክንፉ ጥላ ወይም በሸራ ሥር መቀመጥ፥ ሥራን ለጧትና ለማታ ማቆየት፥ ውሃንም በጥማት ጊዜ መጠጣት ይገባል። ውሃውን ቆጥቦ በአጠገቡ እያለ የሚዝል ሰው ቁጠባው አልጠቀመውም።

በመሬት ላይ የሚጻፉ ዓለም አቀፍ ምልክቶች አሉ። እርዳታ የሚሻ ሰው ሁለት መስመር ከታች የሚገናኙበትን ምልክት ይሠራል። ሐኪም የሚያስፈልገው ሰው የመስቀለኛ ምልክት ያደርጋል። ወደ ሌላ ቦታ የሄደ ሰው የሄደበትን አቅጣጫ በቀስት ያመለክታል። ምልክቱ ከላይ እንዲታይ ከ2 ሜትር ተኩል ማነስ የለበትም፤ በድንጋይ፥ በጨርቅ ወይም በታረሰ አፈር ሊሠራ ይችላል።

ዛሬ ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጥ መሣሪያ አለ። ይህም አይሮፕላን ሲወድቅ በራሱ የሚጮኽና በሳተላይት የሚሰማ ትንሽ ራዲዮ ነው። በእነዚህ ሳተላይቶች አማካይነት የመጀመሪያው ሰው የዳነው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1982 ነበር። ነገር ግን ሳተላይቶቹ ቀድሞ የነበረውን የ121.5 ሜጋ ኸርዝ ድምፅ መስማት በየካቲት ወር 2009 በአውሮፓ አቆጣጠር ስላቆሙ፥ አሁን የሚሰሙት የ406 ሜጋ ኸርዙን ብቻ ነው። አሮጌውን መሣሪያ ብቻ ይዞ «ሳተላይት ይሰማኛል» ብሎ የሚያምን ነጂ ራሱን ያታልላል። አዲሱም ቢሆን ባለቤቱ ካልተመዘገበና ባትሪው በጊዜው ካልተለወጠ ጥቅሙ ይጐድላል።

የሁለቱ ነገሮች መደጋገፍ፥ ማለት ከአይሮፕላን አለመራቅና መንገድን ማስታወቅ፥ ከአንድ የታወቀ ታሪክ ይገኛል። እንግሊዛዊው ቢል ላንካስተር በሚያዝያ ወር 1925 ዓ.ም. ከእንግሊዝ አገር ወደ ኬፕ ታውን በትንሽ አይሮፕላን ሲበር በአልጀሪያ ሳሃራ ሌሊት ወደቀ። ሳይሞት ወርዶ ከአይሮፕላኑ አጠገብ ተቀመጠ፤ በየቀኑም ማስታወሻ ጻፈ። ነገር ግን ከሚፈለግበት መንገድ ወጥቶ ስለ ነበረ ፈላጊዎቹ ሳያገኙት ቀሩ፤ የያዘውም ውሃ ከስምንት ቀን በላይ አላቆየውም። ሬሳውንና ማስታወሻውን የፈረንሳይ ወታደሮች ያገኙት ከ29 ዓመት በኋላ፥ በ1954 ዓ.ም. ነበር። በቦታው መቆየቱ ትክክል ነበር፤ ያለበትን የሚያውቅ ሰው ግን አልነበረም።

የገበሬውና የባለሥልጣኑ ድርሻ

ከዚህ በላይ የተነገረው ነጂውን የሚመለከት ነው። የምድሩ ሰው ሥራ ግን ከዚህ አያንስም።

አይሮፕላን ይመጣል ተብሎ በተነገረበት ቀን የማረፊያውን ሜዳ ከከብት፥ ከግመልና ከሕፃናት መጠበቅ የአካባቢው ሹም ኀላፊነት ነው። በሜዳው ዳር ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ የሚያሳይ ጨርቅ በረጅም እንጨት ላይ ይሰቀላል። ዝናብ የጣለ እንደ ሆነ ሜዳውን በእግር ወይም በመኪና መርምሮ፥ ከላቆጠ «አትምጣ» ብሎ መልእክት መላክ ያስፈልጋል። በእርሻው አጠገብ አዲስ ምሰሶ፥ ሽቦ ወይም ማማ ከተተከለ ገበሬው ለእርሻ ሠራተኛው ይንገር፤ እሱም ለነጂው ያስታውቅ። አንድ የቃል መልእክት ካርታው ያልያዘውን ያሟላል።

ስለ መድኃኒቱም ማወቅ ያሻል። ለግሪሳ የሚረጨው ፌንቲዮን፥ ለአንበጣም ከሚረጩት እንደ ማላቲዮን ያሉት፥ የሰውንም ነርቭ የሚጐዱ ናቸው፤ በአፍ ብቻ ሳይሆን በቈዳም ይገባሉ። የወደቀ አይሮፕላን ለመርዳት የሚሮጥ ሰው መድኃኒቱ ፈስሶ ካየ ነፋሱን በጀርባው አድርጎ ይጠጋ፤ የተጐዳውንም ካወጣ በኋላ ልብሱን አውልቆ ገላውን በብዙ ውሃና በሳሙና ይጠብ። ላብ፥ ለሃጭ፥ የዓይን ብሌን መጥበብና መንቀጥቀጥ ከታየ የመመረዝ ምልክት ስለ ሆነ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይወሰድ። የመድኃኒቱ ባዶ በርሜል ምንም ቢታጠብ ለውሃ መያዣ አይሁን። በመድኃኒት የሞተውንም ወፍ ሰብስቦ መብላት አይገባም።

አይሮፕላን በሰዓቱ ሳይመለስ ሲቀር ደግሞ የሚያድነው ፍጥነት ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆን፥ ሹሙ «ጥቂት እንቆይ፥ ይመጣ ይሆናል» ሳይል ወዲያው ማስታወቅ አለበት። በመጨረሻ ድምፁን የሰማው እረኛ፥ ወደ የት አቅጣጫ እንደ ሄደ ያየው የሰሊጥ ሠራተኛ፥ ጭስ ያየው ነጋዴ፥ እያንዳንዱ የሚናገረው ነገር የፍለጋውን ሜዳ ያጠባል። በእንዲህ ያለው አገር ከራዲዮው ቀጥሎ የሚታመነው የእረኛ ዓይን ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። አንድ ጠርሙስ ለቤንዚን መመርመሪያ፥ 15 ሊትር ውሃ፥ አንድ ቅጠል ወረቀት፥ በእንጨት ላይ የተሰቀለ ጨርቅ፥ ከብት የሚያግድ አንድ ሰው ነው። የአንድ ዓመት ማሽላ ቢጠፋ በሚመጣው ክረምት ተዘርቶ ይተካል። ማሽላውን ሊያድን መጥቶ የጠፋ ሰው ግን አይተካም። ስለዚህ በመጪው የመከር ወራት የአይሮፕላን ድምፅ በእርሻው ላይ የሚሰማ ገበሬ፥ ሲሄድ እንዳየው ሁሉ ሲመለስም ለማየት ዓይኑን ከሰማይ አይንቀል።